ሳይጠግብ የጠገበ ሰው

«ስካርፌስ»ን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ለዓመታት አብሮኝ የኖረው የመውጣቱ ታሪክ ብቻ ነበር፦ ገንዘብ የሚቆጥሩት ማሽኖች፣ ግቢው ውስጥ በሰንሰለት የታሰረው ነብር፣ ትልቁ የቆዳ ወንበር፣ ወርቁ። ቶኒ ሞንታና መጨረሻ ላይ እንደሚሞት አልጠፋኝም። ሞቱ ግን የድሉ ማድመቂያ እንጂ በታሪኩ ላይ የተሰጠ ፍርድ ሆኖ አልተሰማኝም። ዕድሜዬ ገፍቶ፣ ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ እንደገና ሳየው ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ቶኒና ጓደኛው ማኒ ማያሚ እንደገቡ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባሉ። ከመንገዱ ማዶ የምሽት ክበብ አለ፤ የሚያብረቀርቁ መኪኖች ይቆማሉ፣ ያማረባቸው ሴቶች ይገባሉ። ቶኒ ወደዚያ ያያል። ከዚያ ሥራ ያጎሳቆላቸውን እጆቹን ያያል፤ ለዚህ የተፈጠሩ እጆች አይደሉም ይላል።

ይህ ሰው ከዚያ ቦታ እስከ ሞቱ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሲሠራም ያው ሰሃን አጣቢ ነው፣ ያው ወደ ማዶ ይመለከታል።

በአማርኛ «ጠገበ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው የሆድ ነው፤ በልቶ የረካ ሰው ጠገበ ይባላል። ሁለተኛው የጠባይ ነው፤ ሰው የናቀ፣ ልኩን የሳተ፣ ጠብ የሚፈልግ ሰው «ጠግቧል» ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰራቸው የሆድ ሙላት ወደ ልብ ትዕቢት ሲሻገር ደጋግሞ ስላየ ይመስለኛል። ቶኒ ሞንታና ግን ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሰዋል። በሁለተኛው ፍቺ ገና ከጀልባ ሲወርድ የጠገበ ነው። በመጀመሪያው ፍቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠግብ ሞተ። መነሣቱንም መውደቁንም ሳስብ የምደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ቶኒን ከኩባ ስላመጣው ጀልባ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 ከ10 ሺህ የሚበልጡ ኩባውያን ሀቫና በሚገኘው የፔሩ ኤምባሲ ግቢ ገብተው ተጨናነቁ። ፊደል ካስትሮ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ ብሎ የማሪዬልን ወደብ ከፈተ፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ 125 ሺህ ያህል ሰው ባሕር አቋርጦ ፍሎሪዳ ገባ። ከእስር ቤትና ከአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ወጥተው እንዲሳፈሩ የተደረጉም ነበሩባቸው። ፊልሙ የሚጀምረው ከእነዚህ ስደተኞች 25 ሺህ ያህሉ የወንጀል ሪከርድ እንደነበራቸው በሚናገር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የማይነግረን ግን ከእነዚያ ብዙዎቹ የታሰሩበት ጥፋት ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ለእስር የማያበቃ መሆኑን ነው። የማያሚ ኩባውያን ፊልሙ ስማችንን ያጎድፋል ብለው በመቃወማቸው አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ስጋታቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት ማሪዬሎቹ የከተማዋን የሠራተኛ ቁጥር በጥቂት ወራት 7 በመቶ ያህል ቢጨምሩትም የነባሩን ሠራተኛ ደመወዝ ዝቅ እንዳላደረጉት አሳይቷል። ሰዎቹ የመጡት ሊሠሩ ነው፤ ሠሩም። ያንኑ ባሕር ተሻግረው ያንኑ ሰሃን ያጠቡ፣ ያንኑ የምሽት ክበብ ከማዶ እያዩ ያለፉ ብዙ ሺህ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቶኒን ድህነቱ ወለደው የሚለው መልስ አያጠግበኝም።

ታዲያ ምን አወጣው? ኦማር የሚባል የዕፅ ነጋዴ ተላላኪ መጥቶ ከጀልባ ማሪዋና ለማራገፍ ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር እንደሚከፍላቸው ይነግራቸዋል። ለሰሃን አጣቢ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ቶኒ ግን የገበያው ዋጋ 1,000 ነው ብሎ ይከራከራል። ኦማር በንዴት 5,000 ዶላር የሚያስገኝ፣ ሕይወትም ሊያስከፍል የሚችል ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፦ ከማይታወቁ ኮሎምቢያውያን ኮኬይን መግዛት። ከዚያ የሚሆነውን ፊልሙን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። በሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባልደረባው ዓይኑ እያየ በሞተር መጋዝ ሲቆራረጥ፣ ተራው የእሱ መሆኑን እያወቀ፣ ቶኒ ገንዘቡ የት እንዳለ አይናገርም። ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ማኒ ደርሶ ያድነዋል።

ይህን ብዙ ሰው ጀግንነት ይለዋል። እኔ ከጀግንነት ይልቅ ዋስትና ብለው ይሻለኛል። በሕግ የሚነግድ ሰው ቢካድ ይከሳል፣ ውል ያወጣል፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ኮኬይን የሚነግድ ሰው የተካደ ዕለት የሚጮህበት ደጅ የለውም። ስለዚህ በዚያ ገበያ ከዕቃውም ከገንዘቡም በላይ የሚወደደው የሚታመን ሰው ነው፤ የሚታመነውም ሞት ፊት ቆሞ አፉን ያልከፈተው ነው። ትልቁ ነጋዴ ፍራንክ ሎፔዝ ቶኒን ሲቀጥር የገዛው ጉልበቱን አይደለም፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያልተከፈተውን አፉን ነው። ይህ ዋስትና ግን በውስጡ መርዝ አለው። ለሞት ያልሰገደ ሰው ለአለቃው የሚሰግድበት ምክንያት የለውም።

ፍራንክ ከተመልካች ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ሰው ነው። ቶኒን ያስተምረዋል፦ የሌላውን ሰው ስግብግብነት አትናቅ፣ የምትሸጠውን አትቅመስ። ኋላም በዚህ ሥራ የሚከርመው ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር ነው፣ ሁሉን የሚፈልግ ግን አይቆይም ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ እውነት ነው። የሰጠው ግን ለገዛ ገዳዩ ነው። ቶኒ ቦሊቪያ ሄዶ ከትልቁ አምራች ከሶሳ ጋር ፍራንክ ያልፈቀደውን ውል ሲዋዋል ፍራንክ ይፈራል፤ ፈርቶም ሊያስገድለው ይሞክራል፤ ሙከራው ከሽፎ በራሱ ቢሮ ተንበርክኮ እየለመነ ይሞታል።

እዚህ ላይ ሌላ ቃላችን ይመጣብኛል፤ «በቃ»። ማቆም ነው፤ መድረስም ነው። ገዳም ውስጥ በተጋድሎ ዘልቆ ከፍ ካለው ማዕረግ የደረሰ መነኩሴ «የበቃ አባት» ይባላል። በቃኝ ያለውና የበቃው በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ፍራንክ በቃኝ ብሏል፤ አልበቃም ግን። ያቆመው ስለደረሰ ሳይሆን ስለተመቸው ነው። ደግሞ ቢበቃስ ኖሮ የት ይሄድ ነበር? ያ ንግድ መውጫ የለውም። ሱቅ አይደለም አይሸጥም፤ እርሻ አይደለም ለልጅ አይወረስም፤ ነጋዴው የያዘው ምስጢርም ጡረታ አይወጣም። ቆም ያለ ሰው ከኋላው ለሚመጣው የተመቸ ዒላማ ይሆናል። ለዚህ ነው ፊልሙን ስለ አንድ ሰው ስግብግብነት የተነገረ ተግሣጽ አድርጎ ማየት የሚያሳንሰው። ቶኒ የተቀመጠበት ወንበር የተራበንም የጠገበንም የሚገድል ወንበር ነው፤ ፍራንክ በአንዱ ሞተ፣ እሱ በሌላው።

ፍራንክን ባስገደለበት ሌሊት ቶኒ በመስኮት ወደ ሰማይ ያያል። ፓን አም የተባለው አየር መንገድ ማስታወቂያ የለጠፈበት የአየር መርከብ ያልፋል፤ ላዩ ላይ «ዓለም ያንተ ናት» የሚል ጽሑፍ ይበራል። ሐሳቡ ከቀድሞው «ስካርፌስ» የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሃዋርድ ሆክስ ባዘጋጀውና ቤን ሄክት በጻፈው ፊልም፣ ፖል ሙኒ የተጫወተው ቶኒ ካሞንቴ ተመትቶ ሲወድቅ ከበላዩ የሚታየው ያው ቃል ነው፤ እዚያ የአንድ የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ነበር። ብራያን ዲ ፓልማ የ1983ቱን ፊልሙን ለሆክስና ለሄክት መታሰቢያ አድርጎታል። ሁለቱም ፊልሞች ይህን ቃል ከማስታወቂያ ላይ ማንሣታቸው ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። ማስታወቂያ «አንተ» ሲል የሚጠራው መንገደኛውን ሁሉ ነው፤ ትኬት ግዛ ማለቱ ነው። ቶኒ ግን በስሙ የተላከለት ደብዳቤ አድርጎ ያነበዋል። አንብቦም አይተወውም፤ ቤት ሲሠራ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከውኃ ገንዳ በላይ፣ ዓለምን የሚመስል ሉል አቁሞ ያንኑ ጽሑፍ ያስጠመጥምበታል። ማስታወቂያ ረሃብ እንዲቀሰቅስ እንጂ እንዲያጠግብ አልተሠራም። ያን ቃል የቤቱ ምሰሶ ያደረገ ሰው ረሃቡን አብሮት እንዲኖር ቤቱ አስገብቶታል።

ገንዘቡም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ከ10,000 ዶላር የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበሉ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ያስገድዳል። የቶኒ ሰዎች በከረጢት እየተሸከሙ የሚያስገቡት ገንዘብ ስለዚህ ገንዘብ ከመሆን ይልቅ ሸክም ነው፤ የሚታጠብ ልብስ ነው። ባንከሩ የሚቆርጠውን ይጨምራል፤ ቶኒ ይናደዳል፤ ርካሽ አጣቢ ፈልጎ ሲሄድ ነጋዴ መስሎ ከተቀመጠ ፖሊስ እጅ ይወድቃል። «ስካርፌስ» የሚለው ስም ባለቤት አል ካፖንም የተያዘው እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የ11 ዓመት እስራት የተፈረደበት በነፍስ ግድያ ሳይሆን ግብር ባለመክፈል ነበር።

ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ነው፤ መሣሪያ የለበትም፣ ደም የለበትም። ጠበቃው አምስት ዓመት ይፈረድብሃል፣ በሦስት ትወጣለህ፣ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ ይለዋል። ሦስት ዓመት። ከዚያ በኋላ ሚስቱ ቤት ልትሆን፣ ጓደኛው ሊጠብቀው፣ እህቱ ልትኖር ትችል ነበር። ቶኒ የካስትሮን እስር ቤት ያየ ሰው ነው፤ ወደ እስር ክፍል መመለስ ምን ያህል እንደሚያስፈራው ይገባኛል። ግን ደግሞ ጎበዝ ነጋዴ አንዳንድ ቀን ከስሮ ይሸጣል፤ ዛሬ ጥቂት የከሰረ ነገም ሱቁን ይከፍታል። ቶኒ ይህን አይችልም። 500 ዶላር ሲሰጡት 1,000 ካልሆነ ያለው ያው ሰው ነው። ያኔ ወደ ላይ ያወጣው እምቢታ አሁን ሦስት ዓመት አልሰጥም ብሎ ሁሉን ያሰጠዋል። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ሌላ ሰው አልሆነም። ሰው የሚወድቀው ተለውጦ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ፊልም እንድተወው አድርጎኛል።

ሶሳ በዋሽንግተን ያሉ ወዳጆቹን ተጠቅሞ ክሱን እንደሚያስተካክል ቃል ይገባል፤ በምላሹ የሚፈልገው ቶኒ ኒው ዮርክ ሄዶ አንድ ነፍሰ ገዳይ እንዲያግዝ ነው። የሚገደለው የሶሳንና የአጋሮቹን ሥራ በተባበሩት መንግሥታት ሊያጋልጥ የተዘጋጀ ሰው ነው። ቦምቡ መኪናው ሥር ተጣብቋል። ጠዋት ግን ሰውዬው ብቻውን አልወጣም፤ ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ገቡ። ነፍሰ ገዳዩ ለማፈንዳት ሲዘጋጅ ቶኒ ይቁነጠነጣል፣ ይሳደባል፣ መጨረሻ ላይ ሽጉጡን አውጥቶ ይገድለዋል። ይህች ጥይት ለሶሳ የሰጠውን ቃል ሰበረች። ቤቱ በታጠቁ ሰዎች የሚወረረው በእሷ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ይህ ሰው ቅጣት የሚገባው በመቶ ምክንያት ነው። ያስቀጣው ግን በፊልሙ ሁሉ የሠራት አንዲት ቅን ነገር ናት። ከዚህ በፊት ሚስቱን ኤልቪራን ለጋብቻ ሲጠይቃት ልጅ ትወጃለሽ ወይ ብሏታል፤ እሱ እንደሚወድ ነግሯታል። ኋላ በአንድ ምግብ ቤት በተነሣ ጠብ ላይ ሰክሮ ያዋረዳትም ልጅ ልትወልድልኝ አልቻለችም ብሎ ነው። በገንዘብ ያላገኘው ነገር ያ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሲገባ ያየውም ያንኑ ነው። ወሰን የሌለው ሰው ድንገት ከወሰን ጋር ተጋጨ። ያ ወሰን ደግሞ ከውጭ የተጣለበት አልነበረም፣ ከራሱ ውስጥ የወጣ ነው። ወሰን ያለው ሰው ግን በዚያ ንግድ አይኖርም። የወጣው ወሰን ስላልነበረው ነው፤ አንዲት ወሰን ሲገኝበት ወደቀ።

አሜሪካዊው ሐያሲ ሮበርት ዋርሾው እ.ኤ.አ. በ1948 በጻፈው ዝነኛ ድርሰት የፊልም ወሮበላ የሚጠፋው ስኬቱ ከሰው ለይቶ ብቻውን ስለሚያቆመው ነው ብሎ ተከራክሯል። አሳቡ ጥልቅ ነው፤ ለካሞንቴ ይሠራል፤ ለፍራንክም ይሠራል። ሶሳን ግን አያስረዳም። ሶሳ ከሁሉም በላይ የተሳካለት ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅም በሕይወት አለ። ከጎኑ ጄኔራል ተቀምጧል። ይህን የፊልሙ ጸሐፊ ኦሊቨር ስቶን ከአየር አልፈጠረውም፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 17 ቀን 1980 ጄኔራል ሉዊስ ጋርሲያ ሜሳ በኮኬይን ነጋዴዎች እገዛ የቦሊቪያን ሥልጣን ይዞ ነበር፤ ማሪዬል ተከፍቶ በነበረበት በዚያው ክረምት። ብቻውን የቆመው ቶኒ ነው፤ ሶሳ ከበስተኋላው መንግሥት ቆሞለታል። ቶኒ ኤልቪራን ባዋረደበት ምግብ ቤት ውስጥ ለተቀመጡት ባለጸጎች ተነሥቶ በጣት የምትጠቁሙት ክፉ ሰው ስለሚያስፈልጋችሁ እኔን ፈለጋችሁኝ ሲላቸው በስካር ያለ ሰው ቢሆንም የተናገረው ትክክል ነው። ሆኖም እውነት መናገሩ ንጹሕ አያደርገውም።

ምሕረቱም ንጹሕ አላደረገውም። ዲ ፓልማና ስቶን ይህን ስላላድበሰበሱት አመሰግናቸዋለሁ። የማያውቃቸውን ልጆች ያተረፈው ሰው ከኒው ዮርክ ሲመለስ እህቱን ጂናን ፍለጋ ይወጣል። በሩን የሚከፍትለት ማኒ ነው፤ የመኝታ ልብስ ለብሶ ፈገግ ብሎ። መጋዙ ካለበት ክፍል ያወጣው፣ ሰሃን አብሮት ያጠበው ማኒ። ቶኒ ከላይ በደረጃው ላይ ጂናን ያያትና አንድ ቃል ሳይጠይቅ ይተኩሳል። የተጋቡት ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ ዜናውን ሊያበሥሩት እየጠበቁት ነበር። ለሩቅ ልጆች የራራ ልብ ለቅርብ ሰው ያልራራው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ያው ጽሑፍ ላይ ይመስለኛል። መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች የእሱ አልነበሩም፤ ስለዚህ ሰው ሆነው ታዩት። ጂና ግን «ያንተ» ከተባለችው ዓለም ውስጥ ነበረች። የኔ ያለውን ሰው እንደ ሰው ማየት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀው ትዕይንት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ኮኬይን፣ ፊቱን የደፋበት። ስቶን ራሱ ከኮኬይን ሱስ ጋር ሲታገል የነበረ ነው፤ ከአሜሪካ ርቆ ፓሪስ ገብቶ ፊልሙን የጻፈውም ለዚሁ ነው። ስለ ሱስ ከማዶ ሆኖ አላወራም። በዙሪያው ቅጥሩን የሚያሳዩ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ የሶሳ ሰዎች በግንቡ ሲወጡ በስክሪኑ ላይ ይታያሉ። ሁሉን ለማየት የተሠራው ክፍል ውስጥ የሚያይ ሰው የለም። ኋላ በጥይት ተበሳስቶም ቆሞ ይሳደባል፤ ዕፁ አደንዝዞታል፣ አያመውም። ከጀርባው አንድ ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። ሉሉ ሥር፣ ገንዳው ውስጥ ይወድቃል። ያን ቃል በሰማይ ያሳየው ፓን አም ራሱም ፊልሙ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከስሮ ተዘጋ።

አሁን አሁን ፊልሙ ካለቀ በኋላ የማስበው እናቱን ነው። ቶኒ ከአምስት ዓመት መለያየት በኋላ ቤቷ መጥቶ 1,000 ዶላር ሲሰጣት አልተቀበለችም፤ እንዳንተ ያለው ነው የሚለፉትን ወገኖቻችንን ስም የሚያጠፋው ብላ ከነገንዘቡ አስወጣችው። በፊልሙ ውስጥ በገንዘቡ ያልተለካች ሰው እሷ ብቻ ናት። ጂና ግን ተከትላው ወጥታ ገንዘቡን ተቀበለች። ከኒው ዮርክ ሲመለስ እንደገና እናቱ በር ላይ ቆመ፤ ጂና የለችም። እናት ተጨንቃለች። ልጅቷ የት እንደምትሄድ ስላልነገረቻት አንድ ቀን በታክሲ ተከትላ አንድ የሚያምር ቤት ስትገባ አይታለች። ቶኒ የት ነው ብሎ ይጮኻል። ገንዘቡን ያልተቀበለችው እናት የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ትነግረዋለች።

ካሜራው ወደዚያ ቤት ተመልሶ አይሄድም። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አስባታለሁ፤ ትንሽ ቤት፣ ያልጠፋ መብራት፣ አንዲት እናት ወንበር ላይ። ሁለት ልጆቿ ከተማው ውስጥ አሉ ብላ ታስባለች። ወንድምየው እህቱን ወደ ቤት ያመጣት እንደሆነ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታዳምጣለች።